ከሬኮ ተራራ እስከ ትሪየስቴ ወደብ

ሬኮ በጌዴኦ ዞን በኮቸሬ ወረዳ የሚገኝ ተራራማ የቡና አገር ነው። ከፍታው 2,000 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ጠዋት ጠዋት ጉም ይተኛበታል፤ አፈሩ ቀይ ነው፤ ዝናብ ባደረ ማግስት ቁልቁለቱ እግር ያንሸራትታል። ማሳውን ከላይ ወደ ታች ስንቆጥረው ደርብ ደርብ ሆኖ እናገኘዋለን። ከላይ ዋንዛ፣ ብርብራና ብሳና ጥላ ይሰጣሉ፤ ከእነሱ ሥር እንሰት ቅጠሉን ዘርግቷል፤ ከእንሰቱ ጋር ቡናው ቆሟል፤ መሬቱን ደግሞ ጎመንና ጎደሬ ይዘውታል። የአካባቢው ሰው ቡናውን በዓይነቱ ለይቶ ኩርሜ፣ ደጋና ወሊሾ ይለዋል። ኩርሜ ፍሬው አነስ ይላል፤ ወሊሾ ገዘፍ ያለ ነው። ዩኔስኮ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ከዋና ምክንያቶቹ አንዱ ዛፍ፣ ምግብና ቡና በአንድ ማሳ ተደራርበው የሚኖሩበት ይህ አያያዝ ነበር።

ስለ ጣሊያን ባህልና ጉዞ ለማወቅ የሚጓጓ ሰው ቅኝቱን ከሬኮ እንዲጀምር የሚያደርገው በቂ ምክንያት አለ። ጣሊያን ለገበያ የሚበቃ ቡና አታበቅልም። የጣሊያናዊው ጠዋት የሚጀምርበት ሲኒ የሚሞላው ከባሕር ማዶ በመጣ ፍሬ ነው፤ የተወሰነው ፍሬ ደግሞ ከእነዚህ ቁልቁለቶች ይሄዳል። ስለዚህ ፍሬውን ተከትለን እንወርዳለን፤ በየማረፊያው ጣሊያን የተወውን ነገር እንመዘግባለን፤ ከዚያም ባሕሩን ተሻግረን እዚያው አገሩ ላይ እንዴት እንደሚኖርና እንደሚጠጣ እናያለን። ዓ.ም. ያልተጻፈባቸው ዓመቶች በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሬኮ ቤት ውስጥ የጣሊያን አሻራ ጥቂት ነው። ምግቡ ቆጮ ነው። ቡናው ብረት ምጣድ ላይ ይቆላል፣ በሙቀጫ ይወቀጣል፣ በጀበና ይፈላል፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተብሎ ሦስት ጊዜ ይቀዳል። ከቁላቱ እስከ በረካው አንድ ሰዓት ያልፋል፤ ጎረቤት ከመጣ ደግሞ ከዚያም ይረዝማል። ይህን ሰዓት ልብ በሉት፤ በኋላ ከሌላ ቁጥር ጋር እናነጻጽረዋለን።

ከቤቱ ወጥተን ወደ ማጠቢያ ጣቢያው እንውረድ። ለቀማው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ይደምቃል፤ ከፍ ባለው ቦታ እስከ ጥር ይዘልቃል። ቀዩ እሸት በሰው ጀርባና በጋማ ከብት መጥቶ ይመዘናል፤ ያልበሰለውና የደረቀው ተለቅሞ ይወጣል። መፈልፈያው ቀዩን ልጣጭ ይገፋል። ፍሬው ከነሙጫው ገንዳ ውስጥ ከ36 እስከ 72 ሰዓት ይብላላል፤ በረጅም ቦይ ይታጠባል፤ እንደገና በንጹሕ ውኃ ይዘፈዘፋል፤ በመጨረሻ ከመሬት ከፍ ባለ የሽቦ አልጋ ላይ ከ10 እስከ 15 ቀን ይሰጣል። ሳይፈለፈል ከነልጣጩ የሚደርቀው ደግሞ አልጋው ላይ ከሦስት ሳምንት እስከ አንድ ወር ይቆያል። በሁለቱም መንገድ የሚፈለገው እርጥበቱ ወደ 11 ወይም 12 በመቶ እንዲወርድ ነው። አልጋው ዳር የሚቆሙት አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፤ እየገለበጡ የተሰበረውንና ቀለሙ የተለወጠውን ፍሬ በጣታቸው ይለቅማሉ። ከዚህ ሁሉ ሥራ ትዕግሥት የሚጠይቀው ይኸኛው ነው ብዬ አምናለሁ፤ የቡናው ጥራት የሚጠበቀውም እዚህ ነው።

እዚህ ላይ ስሌት እናስቀምጥ። 6 ኪሎ ያህል ቀይ እሸት ታጥቦ፣ ደርቆና ተቀሽሮ 1 ኪሎ ጥሬ ቡና ይወጣዋል። ጥሬው ሲቆላ ከክብደቱ ከ15 እስከ 20 በመቶ ስለሚያጣ 820 ግራም ያህል ይቀራል። የጣሊያን ኤስፕሬሶን መለኪያ ያወጣው ብሔራዊ ተቋም ለአንድ ሲኒ 7 ግራም ወስኗል፤ ስለዚህ ከዚያ ቡና 115 ያህል ሲኒ ይቀዳል። ጣሊያን አገር ባንኮኒ ላይ ቆሞ የሚጠጣ ኤስፕሬሶ 1 ዩሮ ከ20 ሳንቲም አካባቢ ነው፤ 115ቱ ሲኒ 138 ዩሮ ይመጣል። የዘንድሮውን የ6 ኪሎ እሸት ዋጋ ሬኮ ላይ ጠይቆ ከዚህ ቁጥር ጎን ማስቀመጥ ለአንባቢ የተተወ ነው። በመካከል የማጓጓዣ፣ የቡና ቆይው፣ የግብር፣ የቤት ኪራይና የባሬስታው ደመወዝ እንዳለ መርሳት አይገባም፤ የሁለቱ ዋጋ ርቀት ግን ከሁሉም በላይ ጎልቶ ይታያል።

ከየማጠቢያ ጣቢያው ወደ ዋናው መንገድ የሚያወጡት መንገዶች ፒስታ ናቸው። ቡናውን የሚጭነው አይሱዙ የጃፓን ነው፤ ነገር ግን ረዳቱ እቃውን ፖርቶ መጋላ ላይ ያስራል፣ እድለኛው ተሳፋሪ ጋቢና ይቀመጣል፣ ጎማ ሲፈነዳ ጎሚስታ ይፈለጋል፣ መስታወቱ ላይ ቦሎ ተለጥፏል። ከመንገዱ ዳር የምናገኘው የመጀመሪያው የጣሊያን ውርስ እነዚህ ቃላት ናቸው፤ በሹፌሮችና በመካኒኮች አፍ ላይ ተቀምጠው እስከ ሬኮ ግርጌ ደርሰዋል።

በኮቸሬዋ ከተማ በጨለለቅቱ በኩል አልፈን ይርጋጨፌ እንደርሳለን። ከተማዋ 1,900 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት፤ ከአዲስ አበባ 395 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። እዚህ ሁለቱ አጠጣጦች ጎን ለጎን ይታያሉ። በአስፋልቱ ዳር ሣር ጎዝጉዘው፣ ረከቦት ዘርግተው የጀበና ቡና የሚሸጡ ሴቶች አሉ፤ ከኋላቸው ካፌ ውስጥ ማሽን ያጉረመርማል። የጀበናው ከማሽኑ ይረክሳል፣ ሲኒው እጀታ የለውም፣ ጤና አዳምም ሊገባበት ይችላል። የማሽኑ ማኪያቶ በትንሽ ብርጭቆ ይመጣል፤ ወተቱና ቡናው ተደራርበው ይታያሉ፤ አስተናጋጁም ነጭ ይሁን ጥቁር ብሎ ይጠይቃል። በዓለም የታወቀ ቡና የሚበቅልባት ከተማ ውስጥ ሁለቱንም በአንድ ጠዋት ጠጥቶ ማወዳደር የሚችል እንግዳ ዕድለኛ ነው። በእኔ ሚዛን የይርጋጨፌ ቡና የአበባና የሎሚ ጠረኑ በጀበናው ይበልጥ ይሰማል፤ ወተት ይሸፍነዋል።

የምግብ ዝርዝሩ ላይ ፓስታ በስጎ፣ ፓስታ በአትክልትና ሩዝ ይገኛሉ። የእኛው ፓስታ ለብቻው ሙሉ ምግብ ነው፤ በርበሬ ይገባበታል፣ ከዳቦ ጋር ይበላል፣ በእንጀራ የሚበላውም ብዙ ነው። አንባቢ ይህንን ሳህን ያስታውስ፤ ሮም ላይ ሌላ ሥርዓት ይጠብቀዋል።

ከይርጋጨፌ ወደ ዲላ ባለው 35 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ግራና ቀኝ ያሉት ሸንተረሮች ላይ የጌዴኦ ትክል ድንጋዮች ቆመዋል። ቁጥራቸው በሺዎች ነው። ቱቱ ፈላና ጨልባ ቱቱቲ በዝና ይቀድማሉ፤ ሁለቱም ይለያያሉ። ቱቱ ፈላ በመቃብር ጉብታ ላይ የተሰበሰቡ፣ ፊትና አካል የተቀረጸባቸው ድንጋዮች ይበዙበታል። ጨልባ ቱቱቲ ደግሞ ረጃጅም ሲሊንደር መሳይ ድንጋዮች ይበዙበታል፤ አንዳንዱ ከሰው ቁመት እጥፍና ከዚያ በላይ ነው፤ የወደቀውና የተሰበረው ብዙ ነው። በ2021 የታተመ የአርኪዮሎጂ ጥናት ሳካሮ ሶዶ የተባለውን ቦታ ዕድሜ ወደ አንደኛው መቶ ዓመት መልሶታል፤ ከዚያ በፊት ይታመን ከነበረው በአንድ ሺህ ዓመት ያህል ይቀድማል። ድንጋዮቹ እርሻና መኖሪያ መካከል ስለሆኑ የሚጠብቋቸው የአካባቢው ሽማግሌዎች ናቸው። አንዳቸውም ወደ ሮም አልተጫኑም፤ የአክሱሙ ግን ተጭኗል፤ ቦታውን ስንደርስበት እናየዋለን።

ወናጎን በፍጥነት እናልፋለን። ዲላ 1,570 ሜትር ላይ ስለሆነች ከሬኮ ለመጣ ሰው ትሞቃለች። የዞኑ ዋና ከተማ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ በ2002 የተቋቋመው የይርጋጨፌ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን የዚሁ ዞን ነው፤ በ2008 ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያም ቡና የሚቀበልበት መጋዘን አለው። እዚህ ቡናው ይቀመሳል፣ ደረጃ ይሰጠዋል፣ ይጫናል። ካፌዎቹ ከይርጋጨፌ ይበዛሉ፤ ማሽኖቹም ይከብዳሉ። በአገራችን ካፌዎች ባንኮኒ ላይ ከሚታዩት ማሽኖች ብዙዎቹ ቺምባሊ ወይም ፋኤማ ናቸው፤ ሁለቱም የሚላን ልጆች። የማሽኑ ታሪክ አጭር ነው። አንጄሎ ሞሪዮንዶ በ1884 ቱሪን ላይ በእንፋሎት ቡና የሚያፈላ ማሽን አስመዘገበ፤ ሉዊጂ ቤዜራ በ1901 ሚላን ላይ ለአንድ ሲኒ ብቻ የሚቀዳውን አመጣ፤ አኪሌ ጋጃ በ1938 ያስመዘገበው የግፊት ዘዴ ከጦርነቱ በኋላ በማንሻ ተሠርቶ ወርቃማውን አረፋ ወለደ፤ የፋኤማ ኢ61 በ1961 ፓምፕ ጨመረበት። ዛሬ የሚታወቀው መለኪያ 9 ባር ግፊት፣ 25 ሰከንድ፣ 25 ሚሊ ሊትር ነው። የሬኮው አንድ ሰዓትና የሚላኑ 25 ሰከንድ ከአንድ ዓይነት ፍሬ የሚወጡ ሁለት ልማዶች ናቸው።

ጣሊያን ወደ ደቡብ የመጣው ግን ማሽን ይዞ አልነበረም። በ1935 በተጀመረው ወረራ ሲዳሞን ያስተዳድሩ የነበሩት ራስ ደስታ ዳምጠው በገናሌ ግንባር ተዋግተው ካፈገፈጉ በኋላ እስከ የካቲት 1929 ዓ.ም. በዱር በገደል ታገሉ፤ ተይዘውም በጥይት ተገደሉ። አካባቢው ጅማን ማዕከል ባደረገው የወራሪው አስተዳደር ሥር ገብቶ እስከ 1933 ዓ.ም. ቆየ። ማኪያቶውን የሚያዝ ሰው ይህንን አብሮ ቢያውቅ መልካም ነው፤ ሁለቱም የአንድ አገር ታሪክ ናቸውና።

ከዲላ አዲስ አበባ 359 ኪሎ ሜትር ነው። ዋና ከተማው ውስጥ የጣሊያን ዱካ በሰፈር ስም ይቆጠራል። ፒያሳ፣ መርካቶ፣ ካዛንቺስና ፖፖላሬ አሉ። ወራሪው ገበያውን ከአራዳ አንሥቶ ወደ ምዕራብ ሲወስደው መርካቶ አሁን ያለችበትን ቦታ ያዘች። ካዛንቺስ ለጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች ከተሠሩ ቤቶች ስሟን አገኘች። ፒያሳ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በፈረሳና በመልሶ ግንባታ መልኳን ቀይራለች፤ የቀድሞውን የሚያስታውስ ሰው መንገዱን ደግሞ መጠየቅ ይኖርበታል። ቶሞካ በ1953 እዚሁ ሰፈር ሥራ ጀመረ፤ ቆሞ መጠጣትን ለአዲስ አበባ ሰው ያስለመደ ቤት ነው ማለት ይቻላል። ለጉዞ የሚዘጋጅ ሰው የጣሊያን ባህል ተቋምን ማየት ይጠቅመዋል። ስድስት ኪሎ ያለውን የየካቲት 12 ሐውልትም ሳያይ ባይሄድ እመርጣለሁ። በየካቲት 1929 ዓ.ም. በሦስት ቀን ውስጥ የተጨፈጨፈውን ሕዝብ ኢትዮጵያ 30,000 ብላ መዝግባለች፤ የታሪክ ተመራማሪው ኢያን ካምቤል 19,000 ያህል ብሎ ገምቷል። በዝቅተኛው ቁጥርም ቢሆን የከተማዋን ብዙ ሰው ያጠፋ እልቂት ነበር።

ከዚህ በኋላ ቡናውና መንገደኛው ይለያያሉ። ቡናው በ60 ኪሎ ጆንያ ሆኖ ጅቡቲ ይወርዳል፤ በቀይ ባሕርና በስዊዝ አድርጎ ወደ ሜዲትራኒያን ይገባል። መንገደኛው ከቦሌ ይነሳል፤ ያለ ማረፊያ ሮም ለመድረስ ስድስት ሰዓት ተኩል ያህል ይበርራል። የሸንገን ቪዛ ማመልከቻ ክፍያ ከሰኔ 2024 ጀምሮ ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው፤ ቪዛው ቢከለከልም አይመለስም። ቡናው ማመልከቻ አያስፈልገውም፤ ሰነዱን ላኪው ይጨርስለታል።

ከፉሚቺኖ አየር ማረፊያ እስከ ሮም ተርሚኒ ጣቢያ ቀጥታ ባቡሩ 14 ዩሮ ነው፤ 32 ደቂቃ ይፈጃል። ከጣቢያው በር ሲወጡ ያለው ሰፊ አደባባይ በ1887 ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር ለተደመሰሱት 500 ያህል ጣሊያናውያን የተሰየመ ነው። ከዚያ ጥቂት ርምጃ አለፍ ብሎ ለእነሱ መታሰቢያ የተደረገ የግብፅ ሐውልት ቆሟል። ከአዲስ አበባ የተዘረፈው የይሁዳ አንበሳ የታየው እዚያ ነበር፤ አርበኛው ዘርዓይ ደረስ በ1937 አንበሳውን ሲያይ ሰይፉን የመዘዘውም እዚያው ነው። አንበሳው በ1960ዎቹ ተመልሷል። ቦታው አነስተኛ የዛፍ ጥላ ያለው ስፍራ ስለሆነ ቱሪስት አይበዛበትም፤ ለኢትዮጵያዊ ግን ከኮሎሲየም የሚቀድም ይመስለኛል።

ከኮሎሲየም አካባቢ በእግር ወደ ፖርታ ካፔና ስንወርድ የዓለም ምግብና እርሻ ድርጅት ሕንፃ ፊት ለፊት እንቆማለን። ሕንፃው የታቀደው ለፋሺስቱ የአፍሪካ ሚኒስቴር ነበር። የአክሱም ሐውልት በ1937 ከተወሰደ በኋላ የቆመው እዚህ ነው፤ ቁመቱ 24 ሜትር፣ ክብደቱ ከ150 ቶን በላይ። ጣሊያን በ1947 የሰላም ውል እንድትመልስ ግዴታ ገብታ ነበር፤ የመለሰችው በ2005 በሦስት ቁራጭ በአውሮፕላን ጭና ነው፤ አክሱም ላይ በ2008 ቆመ። ዛሬ ፖርታ ካፔና ላይ ለመስከረም 11 ቀን 2001 ሰለባዎች መታሰቢያ የሆኑ ሁለት ጥንታዊ ዓምዶች አሉ። ማየት ነጻ ነው።

የሌሎቹን መግቢያ እንመዝግብ። ኮሎሲየም ከፎረሙ ጋር 18 ዩሮ፣ ፓንቴዮን 5 ዩሮ፣ የቫቲካን ሙዚየም 20 ዩሮ፤ የቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ያለ ክፍያ ይገባል። ከባዚሊካው ጀርባ፣ ቫቲካን ግቢ ውስጥ፣ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን አለ። ከ15ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ያረፉበት ነው። በ1513 የመጀመሪያው የግእዝ መዝሙረ ዳዊት ሮም ላይ የታተመው፣ በ1548 እና 1549 አባ ተስፋ ጽዮን ሐዲስ ኪዳንን በግእዝ ያሳተሙት ከዚህ ማኅበር ጋር በነበረ ግንኙነት ነው። ጦር ከመምጣቱ በፊት በሁለቱ አገሮች መካከል መጽሐፍ ይመላለስ እንደነበር የሚመሰክር ቦታ ነው። እንደ ሌሎቹ ደጁ ለማንም ክፍት አይደለም፤ ቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ባንኮኒው እንግባ። ጣሊያኖች ባር የሚሉት እኛ ካፌ የምንለውን ነው። ሰው በሚበዛበት ባር መጀመሪያ ካሳ በሚሉት ገንዘብ መክፈያ ላይ ከፍሎ ደረሰኙን ይዞ ወደ ባሬስታው መቅረብ ነው ደንቡ። ቡና ብሎ ያዘዘ ኤስፕሬሶ ይሰጠዋል። ላቴ ብሎ ያዘዘ አንድ ብርጭቆ ወተት ይቀርብለታል። ቆሞ መጠጣትና ተቀምጦ መጠጣት ዋጋቸው ይለያያል፤ በታዋቂ አደባባዮች ልዩነቱ ብዙ እጥፍ ይሆናል። ካፑቺኖ የጠዋት ነው፣ ኮርኔቶ ከሚሉት ጣፋጭ ዳቦ ጋር ይሄዳል፤ ከምሳ በኋላ የሚያዘው አብዛኛውን ጊዜ እንግዳ ሰው ነው። ሬኮ ላይ እንግዳ እስከ በረካው ይቆያል፤ እዚህ ደግሞ ሁለት ጉንጭ ተጠጥቶ ሰላምታ ተሰጥቶ ይወጣል። ይሁን እንጂ ጣሊያናዊው በቀን ሦስትና አራት ጊዜ ስለሚመለስ ባሬስታው ስሙንም የሚጠጣውንም ያውቃል፤ ጉርብትናው በብዙ አጫጭር ጊዜዎች ይሞላል።

ምግቡም ቅደም ተከተል አለው። ፓስታ የመጀመሪያው ሳህን ነው፤ ሥጋ ወይም ዓሣ ቀጥሎ ለብቻው ይመጣል። ዳቦው የሳህኑን ስጎ ለመጥረግ መጨረሻ ላይ ይጠቅማል። ለጠረጴዛው በሰው ከ1 እስከ 3 ዩሮ ኮፐርቶ ይታሰባል፤ ጉርሻ ግዴታ አይደለም። ምሳ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል እስከ 8 ሰዓት ተኩል ነው፤ እራት ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል በፊት ብዙ ቦታ አይጀመርም። ለጾመኛ መንገደኛ መልካም ዜና አለ፤ ደረቁ ፓስታ ከስንዴና ከውኃ ብቻ ይሠራል፣ በቲማቲም ወይም በነጭ ሽንኩርትና በዘይት ይበላል፤ ፒዛ ማሪናራም አይብ የለበትም። ትኩሱ ፓስታ ግን ብዙውን ጊዜ እንቁላል አለው። የበዓል ቀኖችን ማወቅም ይጠቅማል፤ ነሐሴ 15 በእነሱ አቆጣጠር ፌራጎስቶ ነው። የማርያም ዕርገት ይከበራል፤ በዙሪያው ባሉት ሳምንታት ብዙ ትንንሽ ሱቆች ይዘጋሉ። የእኛ ፍልሰታ ጾም በዚያው ወቅት ላይ ይውላል።

ኔፕልስ ከሮም በፈጣን ባቡር 1 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ያህል ነው። ሁለት ነገር ብቻ ልጥቀስ። የኔፕልስ ሰው አንድ ጠጥቶ የሁለት ቡና ሒሳብ በመክፈል ሁለተኛውን ለማያውቀው ችግረኛ ትቶ የመሄድ ልማድ አለው። በ1732 ከተመሠረተ ትምህርት ቤት የመጣው ሎሪየንታሌ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ አማርኛና ግእዝ ያስተምራል።

ከሮም ወደ ሰሜን ምሥራቅ በባቡር አምስት ሰዓት ተኩል ያህል ተጉዘን ትሪየስቴ እንገባለን። ባቡሩ በቬኒስ በኩል ያልፋል። ቬኒስ ከሚያዝያ እስከ ሐምሌ ባሉ በተወሰኑ ቀናት ሳያድር ከሚመለስ ጎብኚ 5 ዩሮ፣ ዘግይቶ ካስመዘገበ 10 ዩሮ ትሰበስባለች፤ በ1720 የተከፈተው ካፌ ፍሎሪያን ለሙዚቃው ብቻ ሒሳብ ይጨምራል። ትሪየስቴ መግቢያ አታስከፍልም። በ1719 ነጻ ወደብ ስትባል የኦስትሪያ ግዛት የባሕር በር ነበረች፤ ቡና በዚያ በኩል ወደ ቪየና ይገባ ነበር። ዛሬም ጥሬ ቡና ከሚወርድባቸው የጣሊያን ዋና ወደቦች አንዷ ናት፤ የጅቡቲው ጆንያ ሊያርፍባት ይችላል።

የከተማዋን ካፌዎች በዕድሜ እንቁጠር። ካፌ ቶማሴዮ 1830፣ ካፌ ዴሊ ስፔኪ 1839፣ ካፌ ሳን ማርኮ 1914። ዴሊ ስፔኪ ባሕር ፊት ለፊት በተከፈተው ትልቅ አደባባይ ላይ ስለሆነ ተቀማጩ እይታውንም ይከፍላል። ሳን ማርኮ ከባሕሩ ራቅ ይላል፤ ውስጡ ጨለም ያለ፣ የመጻሕፍት መደብር ያለው፣ ሰው በአንድ ሲኒ ረጅም ሰዓት የሚያነብበት ቤት ነው። ከጣሊያን ባሮች ሁሉ ለሬኮው ቆይታ የቀረበው ይህ ነው፤ እኔም የምመርጠው እሱን ነው። እዚህ ማዘዣው ይለያል። ኤስፕሬሶ የሚፈልግ ኔሮ ይላል፤ ማኪያቶ የሚፈልግ ካፖ ይላል፤ በብርጭቆ እንዲመጣለት የሚፈልግ ካፖ ኢን ቢ ይላል። የመጨረሻው ይርጋጨፌ ካየነው የብርጭቆ ማኪያቶ ጋር በመጠንም በመልክም ይቀራረባል። በ1964 የፊዚክስ ሊቁ አብዱስ ሰላም ያቋቋሙት ዓለም አቀፍ የቲዎሬቲካል ፊዚክስ ማዕከል እዚሁ ስለሆነ ከተማዋን የሚያውቁ የኢትዮጵያ የፊዚክስና የሒሳብ ምሁራን ጥቂት አይደሉም።

ኢሊ የተባለው ቡና ቆይ በ1933 ትሪየስቴ ላይ ተመሠረተ፤ የቡና ትምህርት ቤትም አለው። የጣሊያን ቆዮች ልማድ ከብዙ አገር የመጣ ቡና ቀላቅሎ አንድ የማይለዋወጥ ጣዕም ማውጣት ነው። የኢሊ ቅልቅል ዘጠኝ የአረቢካ ዓይነት ይዟል፤ የኢትዮጵያውም አለበት። በደቡብ ጣሊያን ሮቡስታ ይጨመራል። በዚህ ልማድ የተነሳ ተራ ባር ግድግዳ ላይ የቡና ቆይው ስም በትልቁ ይጻፋል፤ ቡናው የበቀለበት ወረዳ ስም አይጻፍም። ለየብቻ ኢትዮጵያ ተብሎ የታሸገ ቆርቆሮ በኢሊ ሱቆች አለ። የማጠቢያ ጣቢያውን ስም ከፍታውንና የታጠበበትን መንገድ ጨምረው የሚጽፉት ባለፉት ዓመታት በየከተማው የተከፈቱት ትንንሽ ቆዮች ናቸው፤ የእነሱ ሲኒ ከተራው ባር ይወደዳል። ሬኮ የሚለው ስም ጆንያና ከረጢት ላይ የሚነበበው በዚህ በኩል ነው።

ጊዜውና ገንዘቡ ለሁለት ከተማ ብቻ የሚበቃ መንገደኛ ሮምንና ትሪየስቴን ይምረጥ፤ ቬኒስን ቢተው አይቆጨው። ባንኮኒው ጋ ሲደርስ ቡናው ከየትኛው አገርና ወረዳ እንደመጣ ይጠይቅ። ባሬስታው መልስ ከሌለውም ጥያቄው ለቡና ቆይው ይደርሳል፤ የበቀለበትን ስም ማሸጊያው ላይ ያስጻፉት የሚጠይቁ ጠጪዎች ናቸው።